ዓሣ ሳይሆን ቀን የሚሸጡ አገሮች

የማስተርስ ጽሑፌን በፓስፊክ ቱና ላይ እሠራለሁ ስላት እናቴ ሳቀች። «ባሕር በሌለበት አገር ተወልደህ!»

ርዕሱን ያስመረጠኝ የፓስፊክ ደሴቶች አገር የሆነችው የኪሪባቲ ካርታ ነው። 33 ደሴቶቿ ቢደመሩ መሬታቸው 811 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ 200 የባሕር ማይል ድረስ የምታዝበት ውሃ ግን ሦስት ኢትዮጵያ ያክላል። ያን ሁሉ ውሃ ራሷ ልታሰግርበት አትችልም። የሚያሰግሩት በአብዛኛው የውጭ መርከቦች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመው፣ የቱና ማስገርን በጋራ የሚያስተዳድሩበት የናውሩ ስምምነት አባል የሆኑት የአካባቢው አገሮች ዛሬ ስምንት ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከ2007 ጀምሮ ለትልልቆቹ ባለ መረብ መርከቦች የሚሸጡት ዓሣውን አይደለም፤ የማስገሪያ ቀን ነው። የቀኖቹ ብዛት ይወሰናል፣ አገሮቹ ይከፋፈሉታል፣ መርከቦች ይገዙታል።

እኔም ቀላሉን መንገድ ያዝኩ። የአገሮቹን ገቢ ለማስላት ቀኑን በዋጋ አባዛሁ። በ2015 ዝቅተኛው ዋጋ በቀን 8,000 ዶላር ተደርጎ ነበር። ሠንጠረዡ ሲያምር! አማካሪዬ አይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ቀን ማለት ምንድን ነው?»

ሃያ አራት ሰዓት ነዋ፣ አልኩ በሆዴ። ቤት ገብቼ ደንቡን ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። ከ50 ሜትር ያነሰ መርከብ አንድ ቀን ቢውል ግማሽ ቀን ይቆጠርለታል። ከ80 ሜትር በላይ የሆነው ደግሞ አንድ ተኩል። የሁለት ወር ሥራ ገደል ገባ።

በብስጭት ወንድሜ ጋ ደወልኩ። እሱ ኤክስካቫተር በሰዓት ያከራያል። ነገሩን ሳስረዳው ወዲያው «ማሽኑ ቆሞ የዋለበት ሰዓትስ ይቆጠራል?» አለኝ። ዋናው ጭቅጭቅ ይኸው ነው። መርከቦች «ዛሬ ስንጓዝ ዋልን እንጂ አላሰገርንም» ብለው ቀኑ እንዳይቆጠርባቸው ይጠይቃሉ። ቀጠለና «ጉልበተኛ ማሽን ካመጡብህስ?» አለ። ይሄም እውነት ነው። ዓሣ የሚያስሰው መሣሪያ በተሻሻለ ቁጥር በዚያው አንድ ቀን የሚወጣው ዓሣ ይበዛል። ቀኑን ብትገድብም ዓሣውን ገደብክ ማለት አይደለም። ሦስተኛው ምዕራፌ የተወለደው ከዚህ ስልክ ነው፤ ካነበብኩት ግማሹ ይህን ያህል አልጠቀመኝም።

ሌላም ስህተት ነበረብኝ። ኪሪባቲ በ2015 ከዓሣ ፈቃድ ብዙ ገንዘብ ማግኘቷን አይቼ ሁለት ገጽ ሙሉ አስተዳደሯን አወደስኩ። ለካ ዓመቱ የኤልኒኞ ነበር። ሞቃቱ ውሃ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኪሪባቲ በኩል፣ ሲገፋ ቱናውም አብሮት ይሄዳል፣ መርከቦቹም ይከተሉታል። ሁለቱንም ገጽ ደመሰስኩ። ብልሃቱ የነበረው ሌላ ቦታ ነው፦ ዓሣ የራቀው አገር ቀኑን ለጎረቤቱ መሸጥ ይችላል።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ከ2010 ወዲህ በእነዚህ መርከቦች ላይ ታዛቢ አብሮ እንዲጓዝ ግዴታ ሆኗል። ወራት በባሕር ላይ ከመርከበኞቹ ጋር እየበላ የተያዘውን የሚመዘግብ ሰው ማለት ነው። አንዱንም ሳላናግር ጽሑፉን አስረከብኩ። እንደገና ብጀምረው ኖሮ ከእነሱ እጀምር ነበር።

ተመርቄ ስደውልለት ወንድሜ አሁንም ጥያቄ አላጣም።

«ናፍጣው የማን ነው?»

«የመርከቡ ባለቤት።»

«እንግዲያው ኪራይ ያውቁበታል» አለ።