በእንግዳ መግቢያ በር ላይ የተሰቀለው መሰላል

ጨርቁ ቀይ ነበር። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ይሆናል፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ለባህል ቀን በጥቁር ቀለም አትመውበት «እንኳን ደህና መጣችሁ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር፣ ከመግቢያው በር በላይ ተሰቀለ። ቀድመው የደረሱት እንግዶች ወደዱት፤ ፎቶ የተነሡበትም ነበሩ። ከጋና የመጡ አንዲት የተማሪ እናት ግን በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ ቀና ብለው አዩትና የሥነ ጥበብ መምህርቷን ዝቅ ባለ ድምፅ «ይቅርታ፣ ሐዘን ላይ ናችሁ እንዴ?» አሏት።

መምህርቷ ግራ ገባት። እናትየው በጣታቸው አሳዩአት። በጨርቁ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተደጋገመው፣ ሁለት ቋሚና ጥቂት አግዳሚ መስመሮች ያሉት ምልክት የሞት መሰላል ነው። ሁሉም ተራው ሲደርስ ይወጣዋል፣ ማንም አይቀርለትም ለማለት የሚታተም፣ በጋና የሚኖረው የአካን ሕዝብ ምልክት ነው። ቀይና ጥቁር ደግሞ ከአካን ወገን በሆኑት በአሳንቴዎች ዘንድ የለቅሶ ቀለሞች ናቸው። ትምህርት ቤቱ እንግዶቹን የተቀበለው በሐዘን ልብስ ነበር ማለት ነው።

ነገሩ እንዴት እንደተበላሸ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። መምህርቷ አካኖች በጨርቅ ላይ የሚያትሟቸው፣ አዲንክራ የሚባሉት ምልክቶች የተደረደሩበትን አንድ ገጽ አባዝታ አደለችና «የወደዳችሁትን ምረጡ» አለች። መቁረጫ የያዘ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚወደው ቀጥ ያለ መስመር ነው። የተጠማዘዘውን የበግ ቀንድ ለመቅረጽ የደፈረው ጥቂት ሲሆን ሲሶው ክፍል መሰላሉ ላይ ተረባረበ። ቀዩ ጨርቅም የተመረጠው መጋዘን ውስጥ ተርፎ የነበረው እሱ ስለሆነ ብቻ ነው። ባህልን በጥበብ በኩል ለማስተማር ሲታሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቅርጹ ይቀድማል፣ ትርጉሙ ጊዜ ከተረፈ ይነገራል፤ ጊዜ ደግሞ አይተርፍም።

ሥራው እንደገና ተጀመረ፤ አሁን ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መቁረጫ የሚባል ነገር ከመሳቢያ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1817 ቶማስ ኤድዋርድ ቦውዲች የተባለ እንግሊዛዊ ከአሳንቴ ያመጣውና ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የአዲንክራ ጨርቅ ፎቶ ግድግዳው ላይ በትልቁ ታየ። ሦስት ደቂቃ ዝም ብሎ ማየት፣ ከዚያ ሁለት ጥያቄ፦ ምን ታያላችሁ? ምን አይታችሁ ነው እንዲህ ያላችሁት? ሁለተኛው ጥያቄ ካልተጨመረ ልጆች ግምታቸውን እንደ እውነት ይዘው ይወጣሉ። ማን ይለብሰዋል፣ መቼ፣ ከምን ይሠራል የሚለው ከዚህ በኋላ መጣ። ማኅተሙ ከቅል ስባሪ ተፈልፍሎ እንደሚሠራ፣ በጋና ከተማ በኩማሲ አቅራቢያ ባለችው ንቶንሶ ቀለሙ ከዛፍ ልጣጭ እንደሚወጣ፣ ልጣጩ ተዘፍዝፎና ተወቅጦ ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ እንደሚወፍር ተነገረ።

እናትየውም ለሃያ ደቂቃ ተጋብዘው መጡ፤ መጀመሪያ ያረሙትም ልጆቹ በአንድ ሳምንት የያዙትን አዲስ ስሕተት ነበር። «አዲንክራ የለቅሶ ልብስ ነው» ብሎ መደምደም እንደማይቻል፣ በነጭና በደማቅ ጨርቅ ላይ የታተመው ለበዓልና ለደስታ እንደሚለበስ አስረዱ። ልጃቸው ግን ተነሥታ እንድትናገር አልተጠየቀችም። ይህ ትክክል ነው። አንድን ልጅ ክፍል ፊት አቁሞ «ስለ አገርሽ ንገሪን» ማለት የማታውቀውን እንድታውቅ ማስገደድ ነው፤ ባታውቅ ታፍራለች፣ ብታውቅም የአንድ ሕዝብ ቃል አቀባይ ትሆናለች።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ምልክቶቹ ወደ አራት ወረዱ፦ ወደ ኋላ ዞሮ መውሰድን የሚናገረው ሳንኮፋ፣ «ከእግዚአብሔር በቀር» የሚለው ጄ ኛሜ፣ ከጉልበት ጋር ትሕትናን የሚያሳየው የበግ ቀንድ፣ ንጽሕናንና ውበትን የሚያነሣው ሚዶ። የትኛውም ልጅ የመረጠበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጽፍ መቁረጫ አልተሰጠውም። ለማኅተሙ የነጠላ ጫማ ሶል ተቆርጦ እንጨት ላይ ተለጠፈ። ድንች ለአንድ ቀን ሥራ ይበቃል፤ አድሮ ግን ይጨማደድና ጠርዙ ይጠፋል፣ ውሃውም ቀለሙን ያቀጥነዋል።

እዚህ ጋ ሁሉም የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። ጄ ኛሜ ግራና ቀኙ አንድ አይደለም። ልጁ እንዳየው አድርጎ ቀረጸው፣ ሲያትመው ተገልብጦ ወጣ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ምልክቱን በስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ መሣል፣ ወረቀቱን ፊቱን ወደ ሶሉ ደፍቶ ጀርባውን በማንኪያ ማሸት። ሶሉ ላይ የሚቀረው የተገለበጠው ቅርጽ ነው፤ ሲታተም ይቃናል። የበግ ቀንዱና ሚዶው ግራና ቀኛቸው እኩል ስለሆነ ይህ ጣጣ የለባቸውም።

የማተሚያው ቀን ነጭ አቡጀዲ ተዘጋጀ። አስቀድሞ በሳሙና ካልታጠበ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ስታርች ቀለሙን አያስጠጋም። ከሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ ተነጠፈ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ማኅተሙ መሐሉን ይዘላል። ጨርቁ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ቁመት ባላቸው ካሬዎች ሲከፈል 32 ቦታ ይወጣዋል፣ ለአንድ ተማሪ አንድ። የካሬዎቹ ድንበር በማስመሪያ አልተሠመረም፤ የአሳንቴ አታሚዎች ባለ ጥርስ እንጨት ቀለም ነክረው በጨርቁ ላይ እንደሚስቡት፣ ልጆቹም ካርቶን እንደ ማበጠሪያ ቆርጠው ትይዩ መስመሮች ሳቡ። አክሪሊክ ቀለሙ በውሃ ሳይቀጥን በእርጥብ ስፖንጅ ላይ ተቀባ፣ ማኅተሙም ስፖንጁን ነክቶ ተነሣ። ሳሕን ውስጥ የሚነክር ልጅ ሁልጊዜ አለ፤ የእሱ ካሬ ጥቁር ኩሬ ይሆናል።

ከጨርቁ ጎን የተለጠፈው ጽሑፍ «የአፍሪካ ጥበብ» አይልም። ከየትኛው ሕዝብ እንደተወሰደ፣ የት እንደሚሠራ፣ ማን አስተምሮ ማን እንዳተመው ይላል። በመጨረሻ ልጆቹ የራሳቸውን ምልክት ፈጥረው ነበር፤ እሱ ለብቻው ተሰቀለ፣ አዲንክራ ተብሎም አልተጠራም።

ይህ ሁሉ ሦስት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። ያለው አንድ ብቻ ከሆነ መተው ያለበት ማተሙ ነው፤ ፎቶውና ሁለቱ ጥያቄዎች አርባ ደቂቃውን ይሞሉታል።