ያልሸመገለ ጥቁር ድንጋይ

ያደግሁት በጮቄ ተራራ ግርጌ ነው። የግቢያችን አጥር፣ የእናቴ ወፍጮና መጅ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሁሉ ከአንድ ዓይነት ጥቁር ድንጋይ የተሠሩ ነበሩ። ጮቄ ራሱ ከ22 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ድንጋይ በልጅነቱ የማየት ምኞት አደረብኝ። ባለፈው ነሐሴ ምኞቴ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወዳለችው የፈረንሳይ ደሴት ወደ ሬዩኒዮን ወሰደኝ።

ይህ ድንጋይ ዛሬም የሚወለድበት የደሴቲቱ ተራራ ፒቶን ደ ላ ፉርኔዝ ይባላል፤ ፉርኔዝ ማለት እቶን ነው። ረፋድ ላይ ጉም ስለሚሸፍነው ሌሊት ተነስተን ነበር የወጣነው። ፓ ደ ቤልኮምብ ከተባለው ገደል አፋፍ ስንደርስ ጎሕ ይቀድ ጀመር። ሹል ተራራ ስጠብቅ ከሥሬ የተዘረጋው ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ጥቁር ሜዳ ነበር፤ ከመሐሉም እንደ ጋሻ እምብርት ያበጠ ጉብታ ተነስቷል። የጂኦሎጂ ሰዎች እንዲህ ያለውን ጋሻ መሰል እሳተ ገሞራ ይሉታል።

ምክንያቱን ምጣድ አጠገብ ያደገ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። ሊጥ ሲወፍር በፈሰሰበት ይቆለላል፤ ሲቀጥን ግን እስከ ምጣዱ ጠርዝ ይደርሳል። የዚህ ተራራ ቅልጥ አለት፣ ማለትም ላቫው፣ የሚያወፍረው ሲሊካ የተባለ ውህድ ስላነሰው እንደ ቀጭን ሊጥ የሚፈስ ባዛልት ነው። ከ1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ግሎ ይወጣል፤ እምብዛም ሳይፈነዳ ይፈሳል፤ በትናንቱ ላይ ተነባብሮ ይረጋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,632 ሜትር ብቻ ነው የሚታየው። የደሴቲቱ መሠረት ግን ከ4,000 ሜትር ውሃ በታች ነው። ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የሕንድን የደካን አምባ ያለበሰው የእሳት ጎርፍም ከዚሁ ከምድር ጥልቅ ከሚነሳ የግለት ምንጭ እንደወጣ ብዙ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። የምድር ቅርፊት በላዩ እየተጓዘ ሲያልፍ ምንጩ ማልዲቭስን፣ ሞሪሸስን፣ ከዚያም ሬዩኒዮንን ወለደ።

ከ500 በላይ ደረጃ ወርደን ሜዳውን ረገጥን። አስጎብኚያችን እናት የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ ቀስ እያሉ በነጭ ቀለም ምልክት የተደረገበትን መንገድ ይመሩናል። በአንድ በኩል ላቫው እንደ ተጠቀለለ ገመድ እጥፍጥፍ ብሎ ረግቷል፤ በሌላው በኩል ጫማ የሚበላ ሹል ስብርባሪ ነው። ይህን ስብርባሪ የአገሩ ሰዎች ግራቶን ይሉታል፤ በቋንቋቸው የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ማለት ነው። ሴትዮዋ አንድ ድንጋይ አሳዩኝ። በጥቁሩ ውስጥ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያበሩ አረንጓዴ ቅንጣቶች ነበሩ፤ ኦሊቪን ይባላሉ። ለረጅም ጊዜ ቁጢጥ ብዬ አየኋቸው። በእናቴ ወፍጮ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ በዘመን ብዛት ተበልቶ ይሆናል። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነውና ድንጋይ መውሰድ ክልክል ነው፤ እኔም በነበረበት ተውሁት።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2007 ላቫው ከተራራው ጎን፣ ወደ ባሕሩ ቀረብ ካለ ስንጥቅ ይወጣ ነበር። ከታች እንደተሸነቆረ ጋን የተራራው ሆድ ጎደለ፤ በጫፉ ያለው የዶሎሚዩ ጉድጓድ ወለልም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ300 ሜትር በላይ ወደ ታች ሰመጠ።

በማግስቱ በስተምሥራቅ ወዳለው ጠረፍ ወረድን። ፒቶን ሴንት ሮዝ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1977 የፈሰሰው ላቫ ቤቶችን አቃጥሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ደረሰ፤ እዚያም ለሁለት ተከፍሎ ግድግዳውን አቅፎ ቆመ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ የላቫ እመቤታችን ተብሎ ይጠራል። ደጁ ላይ አማተብሁ። እሳተ ገሞራውን የሚከታተለው ጣቢያ የተቋቋመው ከዚያ ፍንዳታ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ነው።

ከመንደሩ ወደ ደቡብ ስንነዳ መንገዱ የ2007ቱን ላቫ ያቋርጣል። ስንጥቆቹ ውስጥ ፈርን በቅሏል፤ ግራጫ ሽበትም ይይዘው ጀምሯል። ከፈሰሰ ከዓመታት በኋላም ዝናብ ሲነካው ይጨስ እንደነበር አስጎብኚያችን ነገሩኝ። ያን ዕለት ካፊያ ጣለ። ከመኪናው ወርጄ ጠበቅሁ፤ አልጨሰም። መዳፌን ሳሳርፍበት ክረምት ላይ እንዳለ የግቢያችን አጥር ቀዝቃዛ ነበር።