ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቼ ለልጄ ጌሚንግ ፒሲ አደረግኩለት

ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ጌም ነፍሱ ነው። ሰፈር ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት በጨዋታ እየከፈለ ሲጫወት ከርሞ፣ የትራንስፖርት ብሩም እዚያው እንደሚያልቅ ስደርስበት “እቤት ዓይኔ ሥር ቢጫወት ይሻላል” አልኩ። ባለቤቴ እንደ ፕሌይስቴሽን ያለ ኮንሶል ግዢለት አለኝ። እኔ ግን የቤት ሥራ የሚሠራበት፣ ኮዲንግም የሚሞክርበት ነገር ፈለግኩ። በኮምፒውተር ተስማማን። ጣሪያችን ስክሪኑን ጨምሮ 60 ሺህ ብር ሆነ።

ገበያ ከመውጣቴ በፊት መጫወት የሚፈልጋቸውን ጌሞች ወረቀት ላይ አስጻፍኩት። ማይንክራፍት፣ ፎርትናይት፣ የኳሱ ኤፍሲ 24፣ ከታች ደግሞ በትንሽ ጽሑፍ ጂቲኤ 5። ጂቲኤን ሰረዝኩት፤ በአውሮፓው የዕድሜ ደረጃ 18 ነው። ትንሽ አኮረፈ፣ ከዚያ ረሳው። ከቀሩት ውስጥ ከባዱ ኤፍሲ 24 ነው። ዝቅተኛው መስፈርቱ 8 ጊጋ ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራ ላለው ነገር የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ 100 ጊጋ ባዶ ቦታና ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚባለው ወይም እሱን የሚያህል ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል) ነው። እሱን የቻለ ማሽን ሌሎቹን ይችላል። ስለዚህ ሱቅ የገባሁት “አሪፍ የጌም ኮምፒውተር አላችሁ?” እያልኩ ሳይሆን የምፈልገውን አውቄ ነው። እንዲህ ካልሆነ ሻጩ ሊሸጥልሽ ያሰበውን ይዘሽ ትወጫለሽ።

መጀመሪያ መገናኛ አካባቢ ያሉ ሱቆችን ዞርኩ። እውነተኛ ጌሚንግ ላፕቶፕ ከኔ ብር በእጥፍ በላይ ነው፤ ተውኩት። ከዚያ ዝቅ ሲሉ የሚያሳዩሽ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ነው። ኪቦርዱ ይበራል፣ “ጌሚንግ” የሚል ስቲከር ተለጥፎበታል።

“እህቴ፣ ይሄ ኮር አይ ሰቨን ነው። ጌም በይው፣ ኤዲቲንግ በይው፣ ሁሉንም ይሠራል።”

“ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?”

“ኧረ አሪፍ ዕቃ ነው፣ እኔ ነኝ የምልሽ!”

አስከፍቼ አየሁት። አይ7-7500ዩ ይላል። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 7 ጀነሬሽኑ፣ ማለትም የስንተኛው ትውልድ ሥሪት እንደሆነ የሚናገረው ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ዩ ደግሞ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ባትሪ እንዲቆጥብ የተሠራ የላፕቶፕ መሆኑን ትናገራለች። ያለው ኮር (ሥራውን የሚካፈሉት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) 2 ብቻ ነው። እዚያው ሱቅ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ ጥቁር የዴል ዴስክቶፕ ነበር። አይ5-8500። እሱ 6 ኮር አለው፣ ዋጋውም ከላፕቶፑ ያነሰ ነው። ሰባት ከአምስት ይበልጣል ብሎ የሚገዛ ሰው ደካማውን በውድ ይዞ ይሄዳል።

ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ላለመግዛት የወሰንኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ዊንዶውስ 11፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከዚያ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ርካሽ ሆኖ ያየሁት 4ኛና 6ኛ ጀነሬሽን ሁሉ በዚህ ምክንያት ቀረ።

ዴስክቶፕ ከመረጥኩ በኋላ ዋናው ጉዳይ ሳጥኑ ሆነ። ከውጭ መሥሪያ ቤቶች ተለቅመው የሚመጡት እነ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ በተለያየ መጠን ይመጣሉ። መጽሐፍ የሚያህለው ትንሹ ቆንጆ ነው፣ ቦታም አይዝም፤ ግን መደበኛ ግራፊክስ ካርድ አይገባበትም። ለጌም እሱን እርሱት። መካከለኛው ቀጭን ሳጥን ካርድ ይቀበላል፣ ግን ቁመቱ አጭር የሆነውን ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ገበያ ላይ ማግኘት ይከብዳል። ትልቁ ታወር መደበኛውን ካርድ ይቀበላል። እኔ የወሰድኩት ታወሩን ነው። ሲታይ አያምርም፣ የመንግሥት ቢሮ ያስታውሳል።

ታወርም ሆኖ ግን አንድ ማነቆ አለው፦ ፓወር ሳፕላይ፣ ለውስጡ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው። ሻጩን ጎኑን ክፈትልኝ አልኩትና ፓወር ሳፕላዩ ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ። እነዚህ የቢሮ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 260 ዋት ባለው ውስጥ ናቸው። ለግራፊክስ ካርድ ለብቻው የሚሄድ ገመድም አብዛኞቹ ላይ የለም። “በኋላ ትልቅ ፓወር ሳፕላይ እቀይራለሁ” ማለትም እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ዴልና ኤችፒ የራሳቸውን ሶኬት ስለሚጠቀሙ ከገበያ የተገዛው እንዳለ አይሰካም። ስለዚህ የሚገባው ካርድ ከማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል ከሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) ማስገቢያ ብቻ ኃይል የሚወስድ መሆን አለበት። ማስገቢያው የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይና ጂቲኤክስ 1650 በዚህ ልክ የተሠሩ ናቸው። 1650 ላይ ግን አንድ ነገር እዩ፦ አንዳንዱ አምራች ባለ 6 ፒን የኃይል ገመድ የሚጠይቅ አድርጎ ሠርቶታል። ካርዱን አገላብጣችሁ ጫፉ ላይ ሶኬት ካለው መልሱት።

ካርድ ፍለጋው ከሁሉም ረጅሙ ሥራ ነበር። ቴሌግራም ላይ ርካሽ 1050 ቲአይ አገኘሁና ሄጄ አየሁት። ካርቶኑ አዲስ ነው፣ ፕላስቲኩም አልተላጠም። ካርዱን ሳወጣው ግን ከኋላው ሰማያዊዋ የቪጂኤ ማስገቢያ አለች። የ1050 ቲአይ ቺፕ የድሮውን አናሎግ ምስል አያወጣም፤ በተለምዶ ካርዱ ላይ የሚገኙት ኤችዲኤምአይ፣ ዲስፕሌይፖርትና ዲቪአይ ናቸው። ገበያው ላይ እንደ 550 ቲአይ ያለ የድሮ ካርድ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ 1050 ቲአይ ተብሎ ይሸጣል። ዊንዶውስም አምኖ ያንኑ ስም ያሳያል። ፍላሽ ላይ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ይዤ ነበር። ሰክቼ ስከፍተው ከካርዱ ስም ፊት “ፌክ” የሚል ቃል አወጣ። ሻጩ ልጅ እሱም መታለሉን ማለ፤ ሊሆን ይችላል። አመስግኜው ወጣሁ።

በኋላ ያገለገለ 1650 አገኘሁ፣ ባለ 4 ጊጋ፣ ገመድ የማይፈልግ። ሱቁ ውስጥ የገዛሁት ዴስክቶፕ ላይ አስገጥሜ ጌም አስከፈትኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሻጩ ቡና ጠጥቶ እስኪመጣ ሲሠራ ቆየ። ስክሪኑ አልተንቀጠቀጠም፣ ፋኑም የወፍጮ ድምፅ አላሰማም። ለአንድ ደቂቃ የሚሠራ ካርድ ምንም አይነግራችሁም፣ ሲሞቅ ነው ችግሩ የሚወጣው። ቴክኒሻኑ በዚያው የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስተላልፈውን የደረቀ ፔስት ጠርጎ አዲስ ቀባልኝ። ያገለገለ ማሽን ስትገዙ ይህን ጠይቁ፣ ትንሽ ብር ነው።

የእያንዳንዱን ዋጋ አልዘረዝርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፣ ዛሬ የምጽፈው ነገ አይሠራም። ክፍፍሉ ግን ግማሽ ያህሉ ለዴስክቶፑ፣ ሲሶ ያህሉ ለካርዱ፣ የቀረው ለስክሪንና ጌምና ፋይል ለሚቀመጥበት ኤስኤስዲ ነበር።

ራሙ አንድ ባለ 8 ጊጋ ነበር። ሁለተኛ 8 ጊጋ ጨመርኩበት። ሁለት ራም ጎን ለጎን ሲሠራ መረጃው በአንድ በር ከመጋፋት በሁለት በር ይወጣል። ስክሪን ያገለገለ ባለ 22 ኢንች የቢሮ ስክሪን ይበቃል፤ ዲስፕሌይፖርት ወይም ኤችዲኤምአይ ይኑረው እንጂ። ገመዱ የሚሰካው ካርዱ ላይ ነው። ከኋላ ከላይ ያለው የማዘርቦርዱ መሰኪያ ላይ ከሰካችሁት ጌሙ የተገዛውን ካርድ ትቶ በደካማው አብሮ በተሠራው ግራፊክስ ሊሄድ ይችላል። ማሽኑ ይዞት የመጣው ኤስኤስዲ 256 ጊጋ ነው። ኤፍሲ 24 ብቻውን 100 ይወስዳል፣ ስለዚህ ሌላ 512 ጨመርንበት። ያገለገለ ኤስኤስዲ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ጤንነቱን በፐርሰንት ማየት ይቻላል።

ላፕቶፕ ዴስክቶፕን የሚያስንቀው መብራት ሲጠፋ ነው፣ ይህን አልክድም። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ ትንሽ ዩፒኤስ ገዛን። ለመጫወት አይደለም፤ ልጁ ሴቭ አድርጎ በሥርዓቱ እንዲያጠፋ ነው። እኔ ደግሞ የበለጠ የምፈራው መብራቱ የሚመለስበትን ሰዓት ነው፤ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል ዕቃ ያቃጥላል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሶኬቱ ይነቀላል፣ ከመጣም ትንሽ ቆይቶ ነው የሚሰካው። ቤታችን ውስጥ ሕግ ነው።

ጌም ከየት ይመጣል? በፍላሽ የሚጭኑ ሱቆች አሉ፣ እኔ አልወደውም፤ ሳይከፈልበት ቁልፉ ከተሰበረ ጌም ጋር ቫይረስ አብሮ ይገባል። ፎርትናይት ነፃ ነው። ኤፒክ ጌምስ በየሳምንቱ ጌም በነፃ ይሰጣል፣ አካውንት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ማይንክራፍትንና ኤፍሲን ግን ከኛ ባንክ ካርድ መክፈል ስላስቸገረ ዋሽንግተን ያለችው አክስቱ የልደት ስጦታ ብላ ገዛችለት። ውጭ ዘመድ ያላችሁ ከጫማ ይልቅ ይህን ጠይቁ።

አሁን ኤፍሲ 24 በመካከለኛ ጥራት ለስላሳ ሆኖ ይሄዳል። ፎርትናይት ደግሞ “ፐርፎርማንስ” የሚለው ሞድ ላይ ሲሆን ምንም አይልም። መስመር ላይ ሲጫወት ግን ኔትወርኩ ይጎትተዋል፤ ያንን የትኛውም ካርድ አያስተካክለውም። ማሽኑ ሳሎን ነው የተቀመጠው። የልጅ አካውንት ከፍቼ በማይክሮሶፍት ፋሚሊ ሴፍቲ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን አንድ ሰዓት አድርጌበታለሁ፤ ሲያልቅ ከኔ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፣ ጥያቄውም ስልኬ ላይ ይመጣል። ሥራ ቦታ ስብሰባ ላይ ሆኜ “እማ፣ 15 ደቂቃ ብቻ፣ ግማሽ ሰዓት ሒሳብ ሠርቻለሁ” እያለ ይደራደረኛል። ደብተሩን ፎቶ አንስቶ ከላከ እፈቅዳለሁ።