ቆሞ የከረመ ሞተር ሳይክል ካርቡሬተር

ሦስት አራት ወር የቆመ ሞተር ሳይክል ጠባዩ ይታወቃል። ቾክ ተስቦ ኪኩ ሲረገጥ ይነሳል፤ ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል። ቤንዚን እየሰጣችሁ ካልያዛችሁት ሚኒሞ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይሰጠው በዝግታ መዞር፣ አይቆምም። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው መጀመሪያ ካንዴላ ይቀይራል፣ ካልሆነለትም ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡሬተር አዲስ ይገዛል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አያስፈልጉም። የተደፈነችው ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ አንዲት የነሐስ ቀዳዳ ናት፤ ለሚኒሞ ቤንዚን የምታሳልፈው የሚኒሞ ጄት።

ቤንዚን ሲቆይ ቀላሉ ይተንና የቀረው እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል፤ ጠባቧ ቀዳዳ ቀድማ ትዘጋለች። ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱ ይህን ያፋጥነዋል። ደሴ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ በክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ሲያድር፣ ጎዶሎ ታንክ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ውሃነት ይለወጣል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛና ታንኩን ያዝገዋል።

ስለዚህ ሥራው ከታንኩ ይጀምራል። የቤንዚን ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ንቀሉና ግማሽ ሊትር ያህል ቤንዚን ንጹህ ሃይላንድ ውስጥ ቅዱ። አሥር ደቂቃ ካስቀመጣችሁት በኋላ ሃይላንዱን ዘንበል አድርጋችሁ ተመልከቱ። ውሃ ካለው ከሥር እንደ ዶቃ ይንከባለላል፤ ዝገት ካለው ቡናማ ዱቄት ሆኖ ይቀመጣል። ሽታው እንደ ቫርኒሽ ከሆነ ያ ቤንዚን ወደ ሞተሩ አይመለስም። ታንኩንና የቤንዚን መዝጊያውን ወንፊት ሳታጸዱ ካርቡሬተር ብታጥቡ በሳምንቱ ተመልሳችሁ ትፈቱታላችሁ።

የዘይት መለኪያውንም አውጥታችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ ወይም ዘይቱ ከላይኛው መስመር አልፎ ከተገኘ፣ የካርቡሬተሩን የቤንዚን መግቢያ የሚዘጋው መርፌ አልዘጋ ብሎ ቤንዚን በሲሊንደሩ በኩል ወደ ዘይቱ ወርዷል ማለት ነው። ዘይቱ ሳይቀየር ሞተሩ አይነሳ፤ የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታ ይበላል።

ካርቡሬተሩን ስታወርዱ የታችኛዋን ጎድጓዳ የያዙት ብሎኖች ጭንቅላታቸው ለስላሳ ነው። መስቀሉን በደንብ የሚሞላ ካቻቪቴ ያዙ፤ ከመፍታታችሁ በፊት በካቻቪቴው እጀታ ላይ አንዴ ሁለቴ መታ አድርጉ። ጎድጓዳዋ ስትከፈት ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብሎ መርፌውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ይታያል፤ እሱን የያዘችው ቀጭን ዘንግ ሁለት ትናንሽ ምሰሶዎች መሃል ታልፋለች። እዚህ ላይ እጃችሁ ይርጋ። ምሰሶዎቹ ከሰውነቱ ጋር አብረው የተቀለጡ ስለሆኑ በኃይል ከተመቱ ይሰበራሉ፤ ያኔ ካርቡሬተሩ አለቀለት። ዘንጓ ካልወጣች ማላቀቂያ ዘይት ነክታችሁ አሳድሯት።

ሁለቱ ጄቶች ጎን ለጎን ናቸው። ትልቁ መሃል ላይ ያለው ሞተሩ ሙሉ ቤንዚን ሲሰጠው የሚሠራው ነው፤ ትንሹ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የተደበቀው የሚኒሞው ነው። እኛ ጋ «ካርቡሬተር ታጠበ» ሲባል ትልቁ ተፈትቶ ትንሹ የሚታለፈው ስለማይታይ ነው። ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ጥርሱን ልክ የሚሞላ ካቻቪቴ ያስፈልጋል። ከትልቁ ጄት በላይ ጎኗ የተበሳሳ ቱቦ አለች፤ እሷም ትውጣ።

የሚኒሞውን የቤንዚንና የአየር ልክ የምታስተካክለውን የቅልቅል ብሎን ከመንቀላችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ አዙሯትና እስክትነካ ስንት ዙር እንደሄደች ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ነው። አታጥብቋት፤ ጫፏ ከተጎዳ ሚኒሞ አይስተካከልም። ስፕሪንግ፣ ትንሽ ሮንዴላና ጎማ ይኖሯታል፤ ጎማዋ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቃ ስለምትቀር ፈልጉ።

ብረት ብረቱን ብቻ ቲነር ውስጥ አሳድሩ። ጎማ፣ ፕላስቲክና ዲያፍራም የሚባለውን ስስ የጎማ ሽፋን ቲነር አይንካቸው፤ ያብጣሉ፣ ይቀልጣሉ። ጄቱን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ተመልከቱ፤ ብርሃኑ ክብ ሆኖ መታየት አለበት፤ ጨረቃ መስሎ ከታየ ገና አልጸዳም። መርፌ ወይም የብረት ሽቦ አታስገቡበት፤ ቀዳዳው ከሰፋ ቤንዚኑ ለዘለዓለም ይበዛል። ከቀጭን የኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘ አንድ የመዳብ ክር ይበቃል። ከዚያ ጎሚስታ ቤት ሂዱና በኮምፕሬሰር ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አስነፉ፤ ዓይናችሁን ጠብቁ። በሚኒሞው ጄት ቦታ የገባው አየር ወደ ሞተሩ በሚያይዘው አፍ ውስጥ በትናንሾቹ ቀዳዳዎች ሁሉ መውጣት አለበት። አንዷ እንኳ ዝም ካለች ሥራው አላለቀም።

ስትገጥሙ የተንሳፋፊው መርፌ የጎማ ጫፍ ላይ ቀለበት የመሰለ ጉድጓድ ካያችሁ ቀይሩት። ፈተናው ቀላል ነው፦ ካርቡሬተሩን ገልብጣችሁ በቤንዚን መግቢያው በንጹህ ቱቦ እፍ በሉ፤ አየር ካለፈ መርፌው አይዘጋም። የጎድጓዳዋ ጎማ በቤንዚን አብጦ ከቦታው አልገባ ካለ ፀሐይ ላይ ጥቂት ሰዓት አስጡት፤ ይመለሳል። በጎማው ፋንታ ሲሊኮን መቀባትን ግን እቃወማለሁ፤ ሲሊኮን በቤንዚን ተልጦ ያችኑ ጄት ይደፍናል።

ካርቡሬተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው ጎማ ተሰንጥቆ ከሆነ የውጭ አየር ይስባል፤ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጄት ላይ የምትለፉት ልፋት ከንቱ ነው።

አንድ ሊትር አዲስ ቤንዚን ጨምሩ፤ ሞተሩን ሳታስነሱ አምስት ደቂቃ የሚያንጠባጥብ መኖሩን እዩ። ተነስቶ በደንብ ሲሞቅ ሚኒሞውን በሚኒሞ ፍጥነት ብሎኑ በደቂቃ 1,400 ዙር አካባቢ አቁሙ፤ የቅልቅል ብሎኗን ዙሩ ከፍ እስኪል በሩብ ሩብ ዙር አዙሩና ሚኒሞውን መልሳችሁ አውርዱ።

ይህን የት ሆናችሁ እንዳስተካከላችሁት ግን አትርሱ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። ኮምቦልቻ ላይ ልክ የነበረው ደሴ ወጥቶ ካንዴላውን በደረቅ ጥላሸት ሊያጠቁረው ይችላል። የቅልቅል ብሎኗ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነች አየር ትቆጣጠራለች፤ ለደሴ ትንሽ ወደ ውጭ። በሞተሩ በኩል ከሆነች ቤንዚን ትቆጣጠራለች፤ ለደሴ ትንሽ ወደ ውስጥ።

ትልቁን ጄት የሚፈትነው የሐረጎ ዳገት ነው። ከኮምቦልቻ ሽቅብ ሙሉ ቤንዚን ሰጥታችሁ ውጡ። መሃል ላይ እየታነቀ ከሄደና ቾክ ትንሽ ሲሳብ ከባሰበት ቤንዚን በዝቶበታል። ቾክ ትንሽ ሲሳብ ከበረታ ግን አንሶታል፦ ዳር ያዙና መጀመሪያ የታንኩ ክዳን የአየር ቀዳዳ ተደፍኖ እንደሆነ ክዳኑን ከፍታችሁ አዳምጡ፤ አየር ፉት ብሎ ከገባ ጥፋቱ እዚያ ነው።