አሸዋው ሲቀር፦ በኮርንዎል የነጭ ሸክላ አገር

ባቡሩ ከለንደን ፓዲንግተን ተነስቶ ከሦስት ሰዓት በላይ ወደ ምዕራብ ከገሰገሰ በኋላ ፕሊመዝን አልፎ የታማርን ወንዝ ይሻገራል። ድልድዩ ሮያል አልበርት ይባላል። ኢዛምባርድ ብሩነል የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1859 የተከፈተ ነው። ከዚያ ወዲያ የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ የሆነው ኮርንዎል ነው። ሴንት ኦስትል ሲቃረብ በስተቀኝ በኩል ከአረንጓዴው ማሳ በላይ ጫፋቸው የነጣ ኮረብታዎች ብቅ ብቅ አሉ። የአገሬው ሰው «የኮርንዎል አልፕስ» ይላቸዋል። ከመካከላቸው ስካይ ቲፕ የሚባለው ጫፉ ሹል ሆኖ ከሩቅ ይለያል።

የሄድኩት ለሸክላው ብዬ ነው። የማጽጃና የማወልወያ ፔስት በእጄ እሠራለሁ፤ ናስ፣ መዳብ፣ ብር፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳ፣ የመስኮት መስታወት የሚጸዳበትን። የዚህ ሥራ ዋናው ነገር ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ ነው። ከረጢት ውስጥ ሲመጣ ዱቄት ነው። ከከረጢቱ በፊት ምን እንደነበረ ለማየት ደግሞ ከሴንት ኦስትል የተሻለ ቦታ ብዙ የለም፤ ሰው እዚህ ሸክላ ሲያወጣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ኮረብታዎቹን ከባቡር መስኮት ሲያይ ሰው ሸክላው የተከመረ ይመስለዋል። አይደለም። እነሱ ከሸክላው ተለይቶ የተጣለው ናቸው። አብዛኛው የኳርትዝ አሸዋ ነው። ለአንድ ቶን ሸክላ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የተረፈ ምርት መጠን 9 ቶን ገደማ ነው። ስለ ማወልወያ ፔስት የማምንበትን ነገር እነዚህ ክምሮች ከማንኛውም መጽሐፍ አጉልተው አሳዩኝ፦ የፔስት ጥራት የሚወሰነው በሚጨመርበት ሳይሆን ከውስጡ በሚወጣው ነው። ሽታ፣ ቀለም፣ ዘይት የሚጨምሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። አሸዋውን የሚያወጡት ግን ጥቂት ናቸው፤ ዕቃ የሚጫረውም በዚያ ምክንያት ነው።

የዚህ አገር መሠረት ግራናይት ነው። ግራናይት በዋናነት ከሦስት ማዕድናት ይሠራል፦ ፌልድስፓር፣ ኳርትዝና ሚካ። በጥልቅ ውስጥ የተዘዋወረ ትኩስ ፈሳሽና ከላይ የሰረገ ውሃ ፌልድስፓሩን በረጅም ዘመን አበስብሰው ወደ ካኦሊን ቀየሩት። ኳርትዙና አብዛኛው ሚካ ግን ሳይበሰብሱ ቀሩ። ስለዚህ እዚህ ከመሬት የሚወጣው የለሰለሰ ድንጋይ ነው፤ በእጅ ሲጨብጡት ይፈርሳል፤ ሲያሹት ግን ጣት ይቆረቁራል። ልስላሴውም ሻካራነቱም አንድ ላይ ናቸው። ይህን የኮርንዎል ሸክላ ለይቶ ያወቀው ዊልያም ኩክወርዚ የተባለ የፕሊመዝ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ ትሬጎኒንግ በሚባል ኮረብታ ላይ አገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ1768 ደግሞ በዚያ ሸክላ ፖርሴሊን ለመሥራት የፈጠራ መብት አገኘ። የፈለገው ለሲኒ ነበር። ኋላ ግን ሸክላው ወደ ወረቀት፣ ወደ ቀለም፣ ወደ መድኃኒት፣ ወደ ማጽጃም ገባ።

ከከተማው በስተሰሜን ካርቲው ወደሚባል መንደር ለእግረኛና ለብስክሌት የተሠራ መንገድ ይወስዳል። ዊል ማርቲን እዚያ ነው፤ የቀድሞ የሸክላ ሥራ ቦታ ሲሆን ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። የማወልወያ ሥራ ለሚወድ ሰው ይህ ቦታ ሙሉ ቀን ይገባዋል። በግቢው ውስጥ ዲያሜትሩ ከ10 ሜትር በላይ የሆነ የውሃ መንኮራኩር አለ፤ በዘመኑ ከጉድጓዱ ውስጥ ሸክላ ያዘለውን ውሃ የሚስበውን ፓምፕ ያንቀሳቅስ ነበር። ልብ በሉ፦ ፓምፑ የሚስበው ድንጋይ ሳይሆን እንደ ወተት የነጣ ውሃ ነው። ሠራተኞች የጉድጓዱን ግድግዳ በውሃ ያጥቡታል፤ ሸክላው በውሃው ተንሳፍፎ ይሄዳል፤ ሻካራው አሸዋ እዚያው ይቀራል። የመጀመሪያው ማጣሪያ ይኸው ነው፤ ወንፊት የለበትም።

ቀጥሎ ያለውን ሳይ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ጎን ለጎን የተዘረጉ ረጃጅም፣ ጠባብና ጥልቀት የሌላቸው ቦዮች ናቸው። ነጩ ውሃ በእነዚህ ተከፋፍሎ ዝግ ብሎ እንዲሄድ ይደረግ ነበር። ውሃ ሲዘገይ የያዘውን ይጥላል፦ መጀመሪያ ደቃቁን አሸዋ፣ ከዚያ ሚካውን። ከሁሉ የቀለለው ሸክላ ብቻ እስከ ጫፍ ይደርሳል። አስጎብኚው አዛውንት በቦዩ ጠርዝ ላይ ቁመው፣ «እዚህ የሚያጣራው ሰው አይደለም፤ ትዕግሥት ነው። ውሃውን ካቻኮሉት ሚካው አብሮ ያልፋል» አሉኝ። ሚካው ሲሞላ ቦዩ ይታጠብና ወደ ወንዙ ይለቀቅ ነበር። የሴንት ኦስትል ወንዝ ነጭ ወንዝ የሚል ስም ያተረፈው በዚህ ነው።

ከቦዮቹ በኋላ ክብ ጉድጓዶች ይከተላሉ፤ በእነሱ ውስጥ ሸክላው ቀስ ብሎ ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለው ውሃ ይጠልላል። የጠለለውን ውሃ የሚያወጡበት ዘዴ ደስ ይላል። ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ እንጨት ቆሟል፤ ቀዳዳዎቹ በውታፍ ይደፈናሉ። ውሃው በጠለለ ቁጥር ከላይ ጀምሮ አንድ አንድ ውታፍ ይነቀላል፤ ዝቃጩ ሳይነካ ንጹሁ ውሃ ብቻ ይወጣል። የወፈረው ጭቃ ደግሞ ከሥሩ እሳት ወደሚሄድበት ረጅም የንጣፍ ወለል ይወሰዳል። በምድጃው በኩል ያለው ፈጥኖ ይደርቃል፤ በጭስ ማውጫው በኩል ያለው ይዘገያል። ሲደርቅ በአካፋ ወደ ታችኛው መጋዘን ይወረወራል።

ይህ ሁሉ ታዲያ በአንድ ማሰሮ ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነው። ከመሬት የተቆፈረ ሸክላም ሆነ የተገዛ ዱቄት፣ መሠረቱ አንድ ነው፤ በውሃ ውስጥ የአንድ ቅንጣት የመዝቀጥ ፍጥነት በወርዱ ስኩዌር ልክ ይጨምራል። በወርድ እጥፍ የሆነ ቅንጣት አራት እጥፍ ፈጥኖ ይወርዳል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ ውስጥ ወርዱ 50 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሆነ የአሸዋ ቅንጣት 10 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ 45 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። 20 ማይክሮን የሆነው ወደ 5 ደቂቃ ይጠጋል። 2 ማይክሮን የሆነው ሸክላ ግን 8 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ዱቄቱን በብዙ ውሃ ውስጥ በደንብ በጥብጦ፣ 5 ደቂቃ ጠብቆ፣ የላይኛውን 10 ሳንቲ ሜትር ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ዕቃ የቀዳ ሰው ከ20 ማይክሮን በላይ የሆነውን ሁሉ ከሥር አስቀርቷል ማለት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደግመው ይበልጥ ይጠራል።

ሸክላው እርስ በርሱ ተጣብቆ ጓጉሎ ከሆነ አሸዋውን ይዞ ይንሳፈፋል፣ ወይም እሱም ከአሸዋው ጋር ይወርዳል። ለዚህ ቁንጥር ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) በውሃው ውስጥ ማሟሟት ይረዳል፤ ቅንጣቶቹ እንዲራራቁ ያደርጋል። የተጣራው ተቀድቶ ካለቀ በኋላ ደግሞ በተቃራኒው ቶሎ እንዲዘቅጥ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ይደረግበታል። በዚያ ጊዜ ሸክላው ተሰብስቦ ሲወርድ በዓይን ይታያል። የጥራቱን ፈተና አፈር የሚያጠኑ ሰዎች የሚያውቁት ነው፦ ጥቂቱን በፊት ጥርስ መካከል መንከስ። ንጹህ ሸክላ እንደ ቅቤ ያልፋል፤ ደለልና አሸዋ ግን ይንቀጫቀጫል። በአፍ መሞከር የማይፈልግ በሁለት የማይፈለጉ ብርጭቆዎች መካከል አሽቶ ጭረቱን በብርሃን ይመልከት።

አሸዋው ይህን ያህል የሚያስፈራበት ምክንያት በጥንካሬ መለኪያው ላይ ይታያል። በሞስ መለኪያ፣ ቁጥሩ የሚበልጠው የሚያንሰውን በሚጭርበት፣ ካኦሊን ከ2 እስከ 2.5 ነው። ብርና ወርቅ ከ2.5 እስከ 3፣ መዳብ 3፣ ናስ ከ3 እስከ 4፣ የመስኮት መስታወት 5.5 ገደማ ናቸው። ኳርትዝ 7 ነው። ስለዚህ ንጹህ ካኦሊን ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱንም አይጭርም፤ አንዲት የኳርትዝ ቅንጣት ግን ሁሉንም ትጭራለች። የካኦሊን ቅንጣት ጠፍጣፋ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ስድስት ጎን ያለው ቅጠል ይመስላል። ጠፍጣፋነቱ በገጹ ላይ እንዲንሸራተት ያደርገዋል፤ ድቅቅነቱ ደግሞ ቅባትና ቆሻሻ የሚጣበቅበት ሰፊ ገጽ ይሰጠዋል። ቆሻሻው ከዕቃው ወደ ሸክላው ይሸጋገራል፤ ሸክላው በውሃ ይታጠባል። በዚህ ልስላሴው የተነሳ ግን ጥልቅ ጭረትን አያጠፋም። ያንን የሚፈልግ ሌላ መወልወያ ይፈልግ።

የምሠራው ፔስት ቀላል ነው። በሥፍር 2 እጅ የተጣራ ሸክላ በ1 እጅ ውሃ ላይ ይነሰነሳል፤ ውሃው በዱቄቱ ላይ አይፈስም፣ ያንን ካደረጉ ይጓጉላል። ሳይማስል እስኪርስ ይተዋል። ከዚያ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና ጥቂት ግሊሰሪን ይገባበታል፤ ሳሙናው ቅባቱን ያላቅቃል፣ ግሊሰሪኑ ፔስቱ ቶሎ እንዳይደርቅ ይይዘዋል። ጠጣር የሚፈልግ ውሃውን ይቀንስና ሳሙናውን በፍርፋሪ አድርጎ፣ ሶዳ አሽ ጨምሮ፣ በቅርጽ ውስጥ ጠቅጥቆ ያደርቀዋል። ከዚያ በረጠበ ስፖንጅ እየወሰዱ መጠቀም ነው። ጠጣሩን እኔ እመርጠዋለሁ፤ ውሃ ስለሌለው ሻጋታ አይደፍረውም። ለስላሳውን ግን በትንሽ በትንሹ መሥራት ይሻላል። ዱቄቱ ሲነሰነስ አፍንጫና አፍን መሸፈን ግዴታ ነው፤ ካልተጣራ ሸክላ የሚነሳ የኳርትዝ ብናኝ ሳንባን ይጎዳል።

ለመዳብና ለናስ ጥቂት ሲትሪክ አሲድ ይጨመራል። ዝገቱን የሚያሟሟው አሲዱ ነው፤ የሸክላው ሥራ አሲዱን በቆመ ገጽ ላይ ሳይፈስ ይዞ ማቆየት ነው። ናስ ላይ ግን አይቆይ፤ አሲድ ዚንኩን እየበላ ገጹን ወደ ሮዝ ይለውጠዋል። አሲድ ያለበት ፔስት እብነ በረድን ያበላሻል፤ ሶዳ ያለበት አሉሚኒየምን ያጠቁራል። አሲድ ያለበትን ከበረኪና ጋር ማገናኘት ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሁለቱ በአንድ ባልዲ አይዋሉ። በብርና በወርቅ ለተለበጠ ዕቃ የትኛውም መወልወያ ቢሆን በየጊዜው ከልባጩ ጥቂት ይወስዳልና፣ እጅ ይቀልልበት።

ሸክላ ሳይታሽ የሚያጸዳበት መንገድም አለ፤ ድንጋይ የሚጠግኑ ባለሙያዎች የሚወዱት ነው። እብነ በረድ ላይ ለሰረገ እድፍ ነጭ ሸክላ በተጣራ ውሃ ተለውሶ በወፍራሙ ይለጠፍበታል። ውሃው መጀመሪያ ወደ ድንጋዩ ይገባል፤ ልጥፉ ከውጭ ሲደርቅ ደግሞ እርጥበቱ ተመልሶ ወደ ሸክላው ይሳባል፤ እድፉንም ይዞት ይወጣል። ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይላቀቃል። እዚህ ላይ የሸክላው ንጣት የውበት ጉዳይ አይደለም፤ ብረት ያለበት ቀይ ወይም ቢጫ ሸክላ በእድፉ ፋንታ የራሱን ቀለም ትቶ ይሄዳል።

ከዊል ማርቲን ወደ ባሕሩ ወረድኩ። ቻርልስታውን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቻርልስ ራሽሊ ያሠራው ትንሽ ወደብ ነው፤ መዳብ፣ በኋላም ሸክላ ተጭኖበታል። ዛሬ ሸክላው የሚጫነው ከፎይ ወደብ ነው። ከሴንት ኦስትል ብዙም በማይርቀው ቦዴልቫ የሚባል ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ፣ ሸክላው ካለቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተው የኤደን ፕሮጀክት ግዙፍ የዕፅዋት ጉልላቶች ቆመዋል።

ባረፍኩበት ቤት በር ላይ ስም የተቀረጸበት የናስ ሰሌዳ ነበር፤ የባሕሩ ጨው አጥቁሮታል። የቤቱን ባለቤት ሴትዮ አስፈቅጄ ይዤው በሄድኩት የተጣራ ሸክላ ሞከርኩት። መጀመሪያ ጠርዙን አየሁ፤ አንዳንድ ናስ በቫርኒሽ የተሸፈነ ስለሆነ እሱ አይወለወልም። ይሄኛው አልተሸፈነም። በረጠበ የጥጥ ጨርቅ ቀባሁት፤ ጨርቁ ወዲያው ጠቆረ፤ የሚጠቁረው ዝገቱ ስለሚለቅ ነው። ንጹህ ጨርቅ እየቀየርኩ በአንድ አቅጣጫ አሸሁት። አንድም ጭረት አልታየበትም። የተቀረጹት ፊደላት ውስጥ የገባውን ሸክላ ሳይደርቅ በለስላሳ ብሩሽና በውሃ አወጣሁት፤ ከደረቀ ጎድጓዳው ውስጥ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ለማውጣትም ሹል ነገር ያስፈልጋል። ሰሌዳው እርጥብ እንዳይቀር በደረቅ ጨርቅ ጠርጌው፣ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚሆን ጠጣር ሸክላ በወረቀት ጠቅልዬ ለሴትዮዋ ሰጠኋት።