«አላየሁም» እና «አይችልም»

ደብተሩን እስካሁን አልጣልኩትም። ባለቤቴ ቤት በቀየርን ቁጥር «ይኼ ደግሞ ምን ያደርግልሃል?» ትለኛለች፤ መልስ የለኝም። ከመሀሉ አንድ ገጽ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የጻፍኩት ፍርድ አለ፦ «ጀስቲን ጄፈርሰን፣ ኤልኤስዩ። እጁ ጥሩ ነው። ከመሀል ካልሆነ መጫወት አይችልም። ሁለተኛ ዙር፣ ያውም መጨረሻው ላይ።» ጄፈርሰን ያን ጊዜ ከሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤልኤስዩ) ወጥቶ ወደ ትልቁ የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ ሊገባ የነበረ ልጅ ነው። «አይችልም» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አስምሬባታለሁ።

እኔ የምኖረው አትላንታ ነው። መሀል ከተማ ባለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ሌሊት እየሠራሁ ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ። የአሜሪካን እግር ኳስ ያስተማረኝ እዚያው አብሮኝ ይሠራ የነበረ የሉዊዚያና ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ በእጅ የሚጫወቱትን ጨዋታ «እግር ኳስ» ማለታቸው ብቻ ያስቀኝ ነበር። ከዚያ ዋይድ ሪሲቨሮቹን ማየት ጀመርኩ። ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባኩ ነው፤ ዋይድ ሪሲቨር ደግሞ ሮጦ፣ አታሎ፣ ከተከላካዩ ተላቆ የሚቀበለው ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከሚያዝያው ድራፍት በፊት፣ 32ቱ የሊጉ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች ዙር በዙር በተራ ከመውሰዳቸው በፊት፣ የራሴን ደረጃ አወጣለሁ። የሚከፍለኝ የለም፤ የሚጠይቀኝም አንድ ሰው ብቻ ነው።

አሠራሬ ቀላል ነበር። ለአንድ ተጫዋች ቢያንስ አራት ጨዋታ አያለሁ፤ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ደግሞ ሦስት ጊዜ። በመጀመሪያው እግሩን ብቻ፦ ኳሱ ሲነሳ የትኛው እግር ቀደመ? የባከነ እርምጃ አለ? በሁለተኛው ልጁን ትቼ ተከላካዩን አያለሁ፤ በተለይ ዳሌውን። ተከላካይ ፊቱን አዙሮ ሊመለስ ይችላል፣ ዳሌውን ካዞረ ግን አበቃለት። አንድ ሪሲቨር የሰውን ዳሌ ስንት ጊዜ አዞረ የሚለው ስንት ኳስ ያዘ ከሚለው ይበልጥብኛል። ኳሱን የማየው በሦስተኛው ዙር ብቻ ነው።

ችግሩ ቴሌቪዥን ነው። ካሜራው ኳሱን ይዞ ስለሚቀር ሪሲቨሩ አሥር ያርድ ያህል ሮጦ ከሥዕሉ ይወጣል፤ የሚመለሰው ኳሱ በአየር ላይ እያለ ነው። እኔ የምፈልገው ነገር ሁሉ የሚሆነው ደግሞ በዚያ በማይታየው መሀል ነው። ለዚህ ነው ታኅሣሥ 28 ቀን 2019 ኤልኤስዩ እና ኦክላሆማ ለብሔራዊ ሻምፒዮናው ፍጻሜ ለማለፍ እዚሁ አትላንታ በፒች ቦውል ሲገናኙ፣ የስታዲየሙ ጣሪያ ሥር ያለ ወንበር ገዝቼ፣ የሩቅ መነጽር አንጠልጥዬ የሄድኩት።

እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለጄፈርሰን አልነበረም፤ የኦክላሆማውን ሪሲቨር ሲዲ ላምብን ፈልጌ ነው። ግን ዓይን የት ይሄዳል? የኤልኤስዩ ኳርተርባክ ጆ ባሮው በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሰባት የታችዳውን (ነጥብ የሚያስቆጥር) ኳስ ወረወረ፤ አራቱ የጄፈርሰን ነበሩ። ልጁ በጨዋታው 14 ኳስ ይዞ 227 ያርድ ሄደ፣ ቡድኑም 63 ለ 28 አሸነፈ። እኔ መነጽሩን ከእሱ ላይ ሳላነሳ ነበር የማየው። አይቸኩልም፤ የሰፈሩን መንገድ እንደሚያቋርጥ ሰው ነው የሚነሳው። ከዚያ አንዲት ግማሽ እርምጃ ያሳጥራል፣ ጭንቅላቱን ወደ ሜዳው ጠርዝ ያዘነብላል፤ ተከላካዩ ዳሌውን ወደዚያ ሲከፍት እሱ በሌላው በኩል ሄዷል። አንድ ሌላም ነገር አየሁ፦ እጁን አያነሳም። ኳሱ አጠገቡ እስኪደርስ ክንዶቹ እንደ ሯጭ ይወዛወዛሉ፤ ጀርባውን ሰጥቶ የሚያሳድደው ተከላካይ ኳሱ መምጣቱን የሚያውቅበት ምልክት የለም። እጆቹ የሚወጡት በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው። ያን ጊዜ ብድግ ብዬ ነበር፤ ከኋላዬ የተቀመጡት ሴትዮ ተቆጡኝ።

ይህን ሁሉ አይቼ ነው እንግዲህ «ሁለተኛ ዙር» ያልኩት።

ምክንያቴ ስሎት ነበር። ከጫፍ የሚቆመው ሪሲቨር ፊት ለፊቱ ኮርነርባክ የሚባለው ተከላካይ ይገተርበታል፤ ኳሱ ሲነሳ ደረቱን ይገፋዋል፣ በአንድ በኩል ደግሞ የሜዳው ጠርዝ ያጥረዋል። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ስሎት በሚባለው ቦታ የሚቆመው ግን ከመነሻው መስመር ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚል ማንም ቶሎ አይነካውም፤ ግራም ቀኝም ክፍት ነው። ጄፈርሰን በ2019 ከያዛቸው 111 ኳሶች ከሞላ ጎደል ሁሉንም የያዘው ከዚያ ተነስቶ ነው። «ማንም ሳይነካው የሚጫወት ልጅ፣ ሊጉ ገብቶ ሲነኩት ምን ይሆናል?» ብዬ ጻፍኩ። ጥያቄው ጥሩ ነበር። መልሱን ሳልፈልግ ራሴ መለስኩት እንጂ።

በየዓመቱ የሚጠይቀኝ ሰው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጋሼ ታክሲ ይነዳሉ፣ የአርሰናል ደጋፊ ናቸው፣ የአሜሪካንን ጨዋታ «የራስ ቁር ለብሶ መጋጨት» ነው የሚሉት። ነገሩን ሳስረዳቸው ቡናቸውን አስቀመጡና «አንተ፣ ቲየሪ ኦንሪ ጁቬንቱስ እያለ የት ነበር የሚጫወተው?» አሉኝ።

«በክንፍ በኩል።»

«ቬንገር በ1999 ሲያመጣው ‹ይህ ልጅ የክንፍ ተጫዋች ነው፣ ጎል አያገባም› ብሎ ቢተወው ኖሮስ?»

ኦንሪ ለአርሰናል 228 ጎል እንዳገባ እኔም አውቃለሁ። ግን ጨዋታው ሌላ ነው፣ ጋሼ ደግሞ ይህን ጨዋታ አያውቁም ብዬ በሆዴ ናቅኳቸው። ከሁሉ ነገር ዛሬም የሚያሳፍረኝ ይኼ ነው።

በየካቲት መጨረሻ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ኮምባይኑ፣ ማለትም ከድራፍቱ በፊት ልጆቹ በሩጫና በመሳሰለው የሚፈተኑበት ዝግጅት፣ ተካሄደ። 40 ያርዱን ከ4.5 ሴኮንድ በታች አይሮጥም ብዬ ነበር፤ በ4.43 ገባ። ያን ጊዜ ገጹን ቀድጄ እንደገና መጀመር ነበረብኝ። እኔ ግን «በቁምጣ የሚሮጥ ሰው ብዙ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ማስረጃም ነበረኝ፦ ጆን ሮስ በ2017 በ4.22 ሮጦ በዘጠነኛነት ሲንሲናቲ ወሰደው፤ በሊጉ ግን የታሰበውን ያህል አልሆነም። ይህ እውነት ነው። ፍጥነት ብቻውን ሪሲቨር አያደርግም። ነገር ግን ጄፈርሰን ቀሪውን ሁሉ አሟልቶ አሳይቶኝ ነበር፤ የጎደለው እሷ ፍጥነት ብቻ ነበረች፣ እሷንም አመጣት። እኔ ሞግቼ አስወጣኋት።

ድራፍቱ በኮሮና ምክንያት በየቤቱ ሆኖ ነው የተካሄደው፤ የሊጉ ኮሚሽነር ሳይቀሩ ስሞቹን ያነበቡት ከቤታቸው ምድር ቤት ነው። ከሪሲቨሮቹ ሄንሪ ራግስ 12ኛ፣ ጄሪ ጁዲ 15ኛ፣ ላምብ 17ኛ ሆነው ተወሰዱ። 21ኛው ላይ ፊላደልፊያ ጄለን ሬገርን ሲመርጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ፤ በደብተሬ አራተኛ እሱ ነበር፣ ጄፈርሰን ደግሞ ሰባተኛ። ቀጥሎ ሚኒሶታ 22ኛው ላይ ጄፈርሰንን ወሰደ። «በዛበት» አልኩ። ጋሼ በስልክ «እስቲ እናያለን» ብለው ዘጉ።

መስከረም ላይ ሁለት ሳምንት ደስ አለኝ። በመጀመሪያው ጨዋታ 26፣ በሁለተኛው 44 ያርድ። በሦስተኛው ቴነሲ ላይ ሰባት ኳስ ይዞ 175 ያርድ ሄደ፣ ታችዳውንም አገባ። ቡድኑ 31 ለ 30 ቢሸነፍም ያን ማንም አላስታወሰም። ዓመቱን በ88 ኳስ እና በ1,400 ያርድ ጨረሰ፣ አብዛኛውንም ከጫፍ ተነስቶ፣ ኮርነርባክ ደረቱ ላይ ተገትሮበት።

ታኅሣሥ ላይ፣ እልህም ኀፍረትም ይዞኝ፣ በመጋቢት ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፤ የ2018 ጨዋታዎቹን አወጣሁ። ያን ዓመት ከጫፍ ነበር የሚጫወተው። 54 ኳስ ይዞ 875 ያርድ ሄዷል፣ በቡድኑ አንደኛ። ከጨዋታዎቹ አንዱ ጥቅምት 13 ባተን ሩዥ ላይ ጆርጂያ 36 ለ 16 የተሸነፈበት ነው። እኔ ያን ጨዋታ በቀጥታ አይቼዋለሁ! መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ በስልኬ። አትላንታ ያለችበት የጆርጂያ ግዛት ሰው ሆኜ ለጆርጂያ እየደገፍኩ ስናደድ የተቃራኒውን ልጅ እግር አላየሁም። አሁን ሳየው ያቺ ግማሽ እርምጃ እዚያም አለች፤ ዘግይተው የሚወጡት እጆችም አሉ።

በ2019 ወደ መሀል የገባው ከጫፍ ስላቃተው አልነበረም። የቡድን ጓደኞቹ ጀማር ቼስ እና ቴረስ ማርሻል በሁለቱ ጫፎች መሰለፍ ነበረባቸው፤ ከኒው ኦርሊንስ የመጣው አሠልጣኝ ጆ ብሬዲ ደግሞ ሦስቱም አብረው የሚሰለፉበትን አጨዋወት ይዞ መጣ። ቼስ ያን ዓመት 1,780 ያርድ ሄዷል። እንዲህ ያለ ልጅ ጫፍ ላይ ካለህ ሌላውን ጎበዝህን የት ታቆመዋለህ?

ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬአለሁ፦ «እዚህ ቦታ ያቆመው ማን ነው? ለምን?» ከመጨረሻው ዓመት በፊት ያለውን ዓመት ሳላይም አልፈርድም። ከሁሉ በላይ ግን ሁለቱን ቃላት ለያየኋቸው። «አይችልም» የምጽፈው ሲሞክር አይቼ ሲያቅተው ካየሁ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ «አላየሁም» ነው። ይህ ከስሕተት አላዳነኝም። በ2023 ሪሲቨሩን ፑካ ናኩአን «ብዙ ጊዜ ጉዳት ይደርስበታል» ብዬ አለፍኩት፤ ሎስ አንጀለስ ራምስ በአምስተኛው ዙር 177ኛ ወሰደውና በመጀመሪያ ዓመቱ 105 ኳስ ይዞ፣ 1,486 ያርድ ሄዶ፣ የጀማሪዎችን ሁለቱንም ክብረ ወሰን ሰበረ። ያ ሌላ ዓይነት ስሕተት ነው፤ ሌላ ገጽ አለው።

ባለፈው መከር ስለ አንድ የትንሽ ኮሌጅ ልጅ ሳጠና ጋሼ ደወሉ።

«ስንተኛ ዙር ሰጠኸው?»

«ገና ነኝ። ከጫፍ ሲጫወት አላየሁትም።»

«በቴሌቪዥን?»

«በቴሌቪዥን ምኑ ይታያል፣ ጋሼ?»

«ሜዳው የት ነው?»

«አራት ሰዓት ያስነዳል።»

ቅዳሜ ጠዋት በ11 ሰዓት ታክሲያቸውን በሬ ላይ አቁመው ጥሩንባ ነፉ። ቡና በፔርሙስ ይዘዋል፤ መነጽሬንም ተቀብለው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት።