በካፋ የቡና ደን ውስጥ ኦርኪዶችን የመዘገብኩበት ዘዴ

በዛፍ ላይ ለሚበቅሉት ኦርኪዶች (የአበባ ተክሎች) ጥናት የካፋዋን ቦንጋ አካባቢ የመረጥኩት፣ ሰው ብዙም ያልነካው ደንና ለቡና ሲባል የሚመነጠረው ደን ጎን ለጎን ስለሚገኙበት ነው። በሁለቱም 20 በ20 ሜትር የሆኑ የናሙና ቦታዎችን በገመድ ከለልኩ። ውስጣቸው ያለውን ዛፍ ሁሉ ስሙን መዝግቤ፣ ውፍረቱን ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ለካሁ።

አንዱን ዛፍ እንደ አንድ መኖሪያ መቁጠር አያዋጣም። ተመራማሪው ዮሃንሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ላይቤሪያ ውስጥ እንዳደረገው፣ በአምስት ከፈልኩት፦ ግርጌ፣ ግንድ፣ ከዚያም የቅርንጫፉ ውስጠኛ (ለግንዱ የቀረበው)፣ መካከለኛና ዳርቻ ሲሶ። አብዛኛው ኦርኪድ ውስጠኛው ሲሶ ላይ ነው፤ ወፍራም ቅርንጫፍ ብስባሽና ሳረንስት ስለሚይዝ እርጥበቱ ቶሎ አይጠፋም፣ ብርሃንም ያገኛል። ቅጠል አልባው ኦርኪድ ማይክሮሲሊያ ግን በቀጭን ጭራሮ ላይ ይኖራል። ምግቡን የሚሠራው በሥሩ ስለሆነ ደረቅ ሲሆን ግራጫ ክር ይመስላል፤ ውሃ ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ መፈለግ ይሻላል።

ከሥር ቀና ብሎ ማየት የቅርንጫፉን ሆድ ብቻ ያሳያል፤ ተክሉ የተቀመጠው ጀርባው ላይ ነው። ከተዳፋቱ በላይ ቆሞ በአቅራቢ መነጽር ከሦስት አቅጣጫ ማየት ብዙ ይጨምራል። ነፋስ የጣላቸውን ቅርንጫፎችም ፈትሹ፤ የላይኛውን ዓለም መሬት ላይ ያመጡላችኋል።

አበባ የሌለውን ፖሊስታኪያ (ብዙ ዝርያ ያለው የኦርኪድ ወገን) በዝርያ ደረጃ ለመለየት አትድፈሩ። ቁጥር ያለው ቆርቆሮ በክር አስራችሁ (ምስማር ዛፉን ያቆስላል) ሲያብብ ተመለሱ። ሙሉ ተክል መንቀል አያስፈልግም፤ ፈቃድ ይዞ አንድ አበባ በ70 በመቶ አልኮል ውስጥ ማስቀመጥ ቅርጹን ይጠብቃል።

ሁለቱን ደኖች ስታወዳድሩ ተመሳሳይ ውፍረት ያላቸውን ዛፎች አነጻጽሩ። የቡና ደን ውስጥ ያረጁት ዛፎች እየተቆረጡ ወጣት ጥላ ዛፎች ይተካሉ፤ አንዳንድ ቦታም ሳረንስቱ ከግንዱ ይፋቃል። የኦርኪድ ዘር ደግሞ እንደ አቧራ የላመ፣ ስንቅ የሌለው ነው፤ የሚስማማውን ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። በቡና ደን የቀረውን ያረጀ ዋንዛ ማዳን፣ በእኔ እምነት፣ ብዙ ችግኝ ከመትከል ይበልጣል።

ሐበናሪያን የመሰሉት የሜዳ ኦርኪዶች በሌላ ጊዜ ይመዘገባሉ። በበጋ ከላይ ደርቀው ከመሬት በታች ባለው ሥራቸው ስለሚቆዩ፣ ጥር ላይ ባዶ የመሰለው ረግረግ በነሐሴና በመስከረም እንደገና መታየት አለበት።